በእማዬ ስም የተቆጠረ መንገድ

መስከረም 18

ለጋሼ፣

እንዴት ነህልኝ? ጀርባህስ ተሻለህ? እማዬስ እንዴት አደረች? እኔ ደህና ነኝ፤ ማታ ማታ እግሬ የእኔ አልሆን ይለኛል እንጂ ሌላ ምንም አልልም።

ስለዘገየሁ እንዳትቆጣኝ። «ለምን አትደውዪም?» ትለኛለህ፤ ደውዬ ምን ልሁን? አንተ እንደሆንክ ጆሮህን ለግራይንደሩ ሸጠህ ጨርሰሃል። ባለፈው «አሞኝ ነበር» ብልህ «እሰይ! እሰይ!» ነው ያልከኝ። እማዬ ደግሞ ሐኪሙ ለጉሮሮዋ ብሎ ድምፅ እንዳታወጣ ከከለከላት ወዲህ ስልኩን ይዛ ትተነፍስልኛለች፤ እኔ አለቅሳለሁ፤ ሂሳቡ ያልቃል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው እንጻጻፍ። አንተም ስትጽፍ ነው ሰው የምትመስለው።

አሁን የጠየቅኸኝን ልመልስ። አይ፣ ማንም አላጭበረበረኝም። ካርዱ የባንክ ክሬዲት ካርድ ነው፤ ከአየር መንገዱ ጋር ተዋውለው ያወጡት። በእሱ ዕቃ በገዛሁ ቁጥር ማይል ይሰጡኛል። ሳሙና ስገዛ ማይል፣ ዳቦ ስገዛ ማይል። ማይሉ ሲጠራቀም ቲኬት ይሆናል። በደሞዜ ቲኬት ልግዛ ብል የቤት ኪራዩና የእማዬ መድኃኒት ከተነሳ በኋላ የሚተርፈኝ የአውቶቡስ ነው። በካርዱ የገዛሁትን በወሩ መጨረሻ ከከፈልኩ ወለድ የለበትም። ካልከፈልኩ ግን ይበሉኛል፤ ያንን አውቃለሁ፣ አትስበከኝ።

«በእማዬ ስም ለምን አደረግሽው?» ላልከው ደግሞ፣ አንተ ራስህ መልሱን እያወቅህ ምን ያስጠይቅሃል? አየር መንገዱ የቤተሰብ ሂሳብ የሚባል ነገር አለው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ራስ ይሆናል፤ የሁሉም ማይል እሱ ጋ ይገባል፤ ቲኬት የሚቆረጠውም በእሱ ፈቃድ ነው። እኛ ቤት በእማዬ ስም ያልሆነ ምን አለ? ቤቱ በእሷ ስም፣ ውሃ ቆጣሪው በእሷ ስም፣ ያንተ የብየዳ ማሽን ሳይቀር በእሷ ስም። በር ሠርተህ የተከፈለህን ገንዘብ እንኳ መጀመሪያ መዳፏን አስነክተህ አይደል ኪስህ የምትከተው? እሷ እጅ ያልገባ ነገር መች በረከተልን? እኔ አንዴ በራሴ ስም ቆጥቤ ሁሉንም እንደተበላሁ ታውቃለህ፤ አላነሳውም።

ሐኪሙ «የሚመጣ ሰው ካለ ቶሎ ይምጣ» ማለቱን የጻፍክበትን መስመር ስንቴ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ። እመጣለሁ ጋሼ። በሕይወቷ አንዴ ዓይኗን ልየው እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግም። ይህችን ግን እንዳታነብላት።

ቁንጥንጧ እህትህ


ጥቅምት 9

ለቁንጥንጤ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሁለቴ አነበብኩት፤ አንዴ ለራሴ፣ አንዴ ለእሷ። የከለከልሽኝን ዘልዬዋለሁ፤ እሷ ግን «ምን ዘለልክ?» ብላ ወረቀት ካላየሁ አለች። የመጣው በስልክ ነው ብላት አታምንም። ታውቂያታለሽ።

ማይል ያልሽውን አስረድቻታለሁ። እኔ መጀመሪያ የመጣልኝ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝና አሁንም አልወጣልኝም። እሷ ግን ወደደችው። በሹክሹክታ (ሐኪሙ አይስማ) ምን አለች መሰለሽ? «እኔ ከደጄ ሳልወጣ የማን መንገድ ነው የሚቆጠርልኝ?» አለችና ሳቀች። ከሳቀች ሰነበተች፤ ስለዚህ ካርድሽ ለጊዜው ይባረክ።

ሌላም አለ። ልብስ ንጽህና ቤት መሥራትሽን ለጎረቤታችን ስታወራ «ልጄ እዚያ ተኳሽ ናት» ብላ ሴትዮዋ ወታደር የሆንሽ መስሏት ስትጸልይልሽ ነው የከረመችው። አሁን ሸሚዝ እንደሆነ ነግረናታል። ትንሽ አዘነች።

ክብደቷን ልጽፍልሽ ነበር፤ የጤና ጣቢያው ሚዛን ተበላሽቷል። ምግብ ትወስዳለች፤ ሾርባ። ማታ እጇን ይዤ እተኛለሁ፤ ወንበር ላይ ስለሆነ ነው ጀርባዬ። ስለ ጉሮሮዋ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ ያለውን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

አንቺ ራስሽን አትጉጂ። ግን ቶሎ ከሆነ ቶሎ ይሁን።

ወንድምሽ


ኅዳር 2

ለጋሼ፣

እንደምን ከረማችሁ? ስለ ቀዶ ጥገናው «ሌላ ጊዜ» ያልከው ሌላ ጊዜ መቼ ነው? ስትፈራ ነው ዝም የምትለው፤ ከድሮም እንደዛ ነህ።

«አታፍሪም ወይ?» እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አፍራለሁ እንጂ! ግን ሐፍረት ማይል አይሰጥም። ነገሩ እንዲህ ነው። የራሴ ወጪ ትንሽ ናት፤ በእሷ ብቻ ብሄድ እማዬ ጋ የምደርሰው አርጅቼ ነው። ስለዚህ የሥራ ባልደረቦቼን ለመንኳቸው። የሚገዙትን ሁሉ በእኔ ካርድ ልክፈል፣ እነሱ ጥሬ ገንዘቡን ይስጡኝ። ረጅሟ ወዲያው እሺ አለች፤ ማጠቢያ ማሽኑን የምትጠግን ናት፣ ቤቷን አዲስ እያደሰች ስለሆነ ብዙ ትገዛለች። ቀለም፣ ምንጣፍ፣ ቧንቧ። አለቃችን እንኳ የሳሙናና የማንጠልጠያውን ትዕዛዝ በእኔ ካርድ አደረገልኝ። «እናቷን ልታይ ነው» ብላ ረጅሟ ነግራው።

እሑድ እሑድ ደግሞ ገበያ አዳራሹ ውስጥ ካሸሯ ጋ ቆሜ የማላውቀውን ሰው «ይቅርታ፣ በእኔ ካርድ ልክፈልልዎና ጥሬውን ይስጡኝ?» እላለሁ። አንዳንዱ እሺ ይላል። አንዳንዱ ቦርሳውን ያቅፋል። አንዱ ሽማግሌ ሰውዬ «ልጄ፣ ቸግሮሽ ከሆነ ዳቦውን ልግዛልሽ» አለኝ። ጋሼ፣ የዚያን ዕለት ነው ያለቀስኩት። ጥበቃው ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ ብሎኛል፤ ሌላ አዳራሽ አገኘሁ።

ግማሹን አልፌዋለሁ። ባንኩ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ ለገዛ ሰው ጉርሻ ማይል አለው፤ እሱን ልይዘው ነው የምሮጠው። አንተ ብቻ እማዬን ጠብቅልኝ። የእሷን ቃል ጻፍልኝ እንጂ የአንተን ምክር አልፈልግም። እሷ ያለችውን እንዳለችው፣ እሺ?

ቁንጥንጧ


ታኅሣሥ 3

ለእህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳልመልስ ቆየሁ፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሥራ በዛ። ቤትም ሰው በዛብን፤ የሚገባ የሚወጣ፤ ስልኬን የት እንዳስቀመጥኩት ሳላውቅ ነው የሰነበትኩት። ወርክሾፑንም ለጥቂት ቀን ዘግቼው ነበር።

የላክሽው ሹራብ ማክሰኞ ደረሰ። ሣጥኗ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

እማዬ «ብርድ ነው፣ ካልሲ ደርቢ» ትልሻለች።

አሁን የምጠይቅሽን በደንብ መልሺልኝ። ስንት ቀረው? ባለው መምጣት አይቻልም? ዞሮ ዞሮ የሚመጣ፣ ሁለት ሦስት ቦታ የሚያድር ርካሽ አውሮፕላን የለም? እንዲሁ መሄጃውን ብቻ ቁረጪ፤ መመለሻውን እዚህ ከደረስሽ በኋላ አብረን እናስብበታለን። ማሽኑን ሽጥ ካልሽኝም እሸጣለሁ።

ጎረቤታችን ደውለሽላት እንደነበር ነገረችኝ። አትደውዪላት፤ ሴትዮዋ ደህና አይደለችም፤ የምትለውን አታውቅም።

ምግብ ብዪ። ብቻሽን አትሁኚ፤ ያቺን ረጅሟን እቤትሽ ጥሪያት።

ወንድምሽ


ታኅሣሥ 14

ለጋሼ፣

ምን ሆነህ ነው? ማሽኔን እሸጣለሁ? አንተ? ያቺን ማሽን ዝናብ ሲመጣ የራስህን ጃኬት አውልቀህ የምታለብሳት ሰውዬ! አስደነገጥከኝ፤ ከዚያ ደግሞ ሳስበው ደስ አለኝ። ሰው የሚጠይቃት ከበዛ፣ አንተም ሥራ ከበዛብህ፣ እሷም ካልሲ ደርቢ እያለች ትእዛዝ ከጀመረች ተሽሏታል ማለት ነው። አይደል?

እንግዲህ አንድ ነገር ወስኛለሁ፤ ሳትጮህ ስማኝ። የአንድ ሰው ቲኬት ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔ ግን አልቆርጠውም። ሸሚዞቹን እኛ ጋ የሚያስተኩስ ሐኪም አለ፤ የጉሮሮ ሐኪም ነው። ስንት ጊዜ አፌ ላይ ሲመጣ መልሼው ከርሜ ባለፈው ሳምንት ኮሌታውን እያሳየሁት ነገርኩት። «አምጪያትና ልያት» አለኝ! በአፉ! ለእይታው አያስከፍለኝም። ስለዚህ ሁለት ቲኬት ነው የምጠብቀው፤ እኔ እመጣለሁ፣ እሷን ይዤ እመለሳለሁ። መስኮት አጠገብ አስቀምጣታለሁ። ያልሄደችበት መንገድ ሲቆጠርላት ከርሞ የለ፣ ትሂድበት።

ረጅሟ ለአዲሱ ቤቷ ሶፋና ማቀዝቀዣ ልትገዛ ነው፤ በእኔ ካርድ። እሷ ብቻ ብዙ ታስኬደኛለች። እኔም ለእማዬ ወፍራም ካፖርትና ሻንጣ በካርዱ ገዛሁ፤ ማይሉም ለእሷ፣ ልብሱም ለእሷ።

እስከዚያ አንድ ፎቶዋን ላክልኝ። የዛሬውን። ሹራቡን ለብሳ።

ቁንጥንጧ


ጥር 6

ለእህቴ፣

ለሁለት ሰው አትጠብቂ። እባክሽ። በአባታችን አጥንት ይዤሻለሁ።

እማዬ ለመንገድ አትሆንም። ሐኪምሽን አመስግኚልኝ፤ ደግ ሰው ነው፤ ግን አትሆንም። እሷም ራሷ «ብቻሽን ነይ» ብላለች። «ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» ብላለች። ይኸው ቃሏን ጻፍልኝ ብለሽ አልነበር፣ ጻፍኩልሽ።

ፎቶ ልኬልሻለሁ። ብርሃን ስለሌለ ነው እንደዚያ የሆነው። ሹራቡን አልብሰኝ አላለችም፤ ሞቃት ነው አለች።

ከዚያች ረጅም ሴትዮ ጋር ያለሽን ነገር ቀነስ አድርጊው። ሰው ሰው ነው።

ደግሞ እንዲሁ ልጠይቅሽ፤ ይህ ማይል የሚባለው ነገር ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም ይዛወራል? በአንቺ ስም ቢሆን አይቀልም ነበር? እንዲሁ ነው የጠየቅሁሽ። ሌላ ነገር አይምሰልሽ።

ወንድምሽ


ጥር 20

ለጋሼ፣

አንተ ውሸት አትችልም። ፎቶው ላይ በሩ ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን በር አንተው አረንጓዴ የቀባኸው አምና እኔ ገንዘቡን ልኬልህ ነው። የቆየ ፎቶ ነው የላክህልኝ።

ገብቶኛል። በጣም ከስታለች፣ እንዳላያት ፈልገህ ነው። ያመመ ሰው እንዴት እንደሚመስል አላውቅም መሰለህ? እሺ። ክርክሩን ትቻለሁ። ብቻዬን እመጣለሁ። ሐኪሙን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ራሱን ነቅንቆ ሸሚዙን ይዞ ሄደ።

ማይሉ ሞልቷል! ትናንት ጉርሻው ገባ። ሳየው ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ አጨበጨብኩ፤ ከላይ ያለው ሰውዬ ወለሉን ደበደበብኝ።

አንዲት ነገር ብቻ ቀረች። አየር መንገዱ ደወልኩ። የመጀመሪያው ቲኬት ከመቆረጡ በፊት የቤተሰቡ ራስ መታወቂያዋን ይዛ በአካል እናንተ ከተማ ባለው ቢሮ መታየት አለባት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በስልክ ነው። ለመንኳቸው፣ ታማለች አልኳቸው፤ ደንቡ ነው አሉ። ስምም ይዛወራል ወይ ላልከው፣ አይዛወርም፤ እሷ ካልፈቀደች ማንም አይነካውም። ስለዚህ ጋሼ፣ በታክሲ ይዘሃት ሂድ። ካልቻለች ቢሮ ያሉትን ቤት ድረስ ይምጡ ብለህ ለምን። በተረጋገጠ ማግሥት እቆርጣለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ እዚያ ነኝ።

ስማ፣ ንገራት። አሁን ንገራት። እየመጣች ነው በላት።

ቁንጥንጧ


የካቲት 5

ለእህቴ፣

ነግሬያታለሁ። ደስ ብሏታል።

ስለ ቢሮው አታስቢ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ። እሷን ሳላንገላታ የሚሆንበት መንገድ ያለ ይመስለኛል። ወረቀቶቼን እያሟላሁ ነው፤ ፍርድ ቤት የምጠብቀው አንድ ማኅተም አለ። ወረቀት ያለው ሰው የትም አይወድቅም። ሐሙስ እሄዳለሁ።

ዕቃሽን አዘጋጂ።

ወንድምሽ


የካቲት 12

ጋሼ፣

ሰላምታ የለኝም፤ ቶሎ አንብበው።

ዛሬ ሸሚዝ እየተኮስኩ ስልኬ ጮኸ። ከአየር መንገዱ የመጣ መልእክት ነው። «በቤተሰብ ሂሳብዎ ራስ ሞት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። በደንባችን መሠረት ሂሳቡ ተዘግቷል፤ ያልተጠቀሙበት ማይልም ተሰርዟል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «በአገልግሎታችን ምን ያህል ረክተዋል?» ብሎ ኮከብ ደርድሯል። የሰው ሸሚዝ አቃጠልኩ። አለቃዬ ሲጮህ አልሰማሁትም።

ምን ዓይነት ጉድ ነው ይሄ? ሰው በቁሙ ይገደላል? ከሌላ ሟች ጋር አምታተዋት ነው፤ ወይም አንተ የሰጠሃቸውን ወረቀት ሳያነቡ ነው። ነገ በጠዋት እማዬን ይዘሃት ሂድ። በወንበር ይሁን፣ በጀርባህ ይሁን፣ እንደ ምንም። ፊታቸው አስቀምጣትና «ይኸው፣ ገደላችኋት ያላችኋት» በላቸው። መናገር ባትችልም ስትተነፍስ ያዩዋታል አይደል? ስህተት ከሆነ ማይሉ ይመለሳል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ። «ባለሂሳቧ በሕይወት መኖራቸው ከተረጋገጠ» ነው ያሉኝ።

እሷ ግን እንዳትሰማ። ሞተሻል መባሏን ብትሰማ ትደነግጣለች። እንዲሁ ፊርማ ነው በላት።

ደግሞ ጎረቤታችን ጋ ደወልኩ። አትደውዪ ብትለኝም ደወልኩ። አነሳችው። «እማዬ እንዴት ናት?» አልኳት። ዝም አለችኝ። ለምንድነው ዝም ያለችኝ ጋሼ? ጋሼ፣ መልስልኝ።


የካቲት 13

እህቴ፣ የእናቴ ልጅ፣

ሰው አጠገብሽ ካለ ያዢው። ከሌለም ቁጭ በዪ።

እማዬን ይዣት መሄድ አልችልም። ኅዳር ሃያ አንድ፣ ጎሕ ሲቀድ አረፈች። አልተሠቃየችም። እጇን ይዣት ነበር፤ እንቅልፍ ወስዶኝ ስነቃ ቀዝቅዛለች። ሐኪሙ ቀዶ ጥገናው እንደማይሆን ቀድሞ ነግሮኝ ነበር፤ እሱንም አልጻፍኩልሽም።

ልነግርሽ ስንት ጊዜ ጀምሬ ተውኩት። ያቺ ክፍልሽ ታየችኝ፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት፣ የሚያቅፍሽ የለ። መርዶ ብቻውን ለሆነ ሰው አይነገርም። ከመጣሽ በኋላ፣ ከሰው መካከል፣ እኔ ደግፌሽ ስሚው አልኩ። ጎረቤቶቹን ሁሉ አስማልኳቸው። ስልኳን ቻርጅ እያደረግሁ ትራስጌዬ አስቀመጥኩት፤ ቲኬቱን ስትቆርጪ የአየር መንገዱ የፈቃድ ኮድ ሲመጣባት እኔ ልልክልሽ። አንቺ ስትዘገዪ እኔ ስዋሽ፣ አንቺ ስትጨምሪ እኔ ስጨምር፣ እዚህ ደረስን።

በአካል ትቅረብ ስትዪኝ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ጀመርኩ። ከዚያ የሞት ምስክሯንና ፍርድ ቤት የሰጠንን የወራሽነት ወረቀት ይዤ ሄድኩ። በዚያ ወረቀት ቤቱ ወደ እኛ ዞረ፣ ውሃ ቆጣሪው ዞረ፣ ማሽኑ ዞረ። ማይሉም የእሷ ነው፣ እሷ ከሌለች የልጇ ነው አልኩ። እንደ ንብረት ነው ያሰብኩት። ሰው ሌላ ምን ያስባል?

መስኮቷ ላይ ያለችው ልጅ ጥሩ ልጅ ነበረች። ወረቀቱን ስታይ ከወንበሯ ተነሳች፤ «ነፍስ ይማር» አለችኝ። አዘነችልኝ ብዬ አንጀቴ ራሰ። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ከዚያ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ባዶ ነበር። ደንቡን ወረቀት ላይ አትማ ሰጠችኝ፤ ባለቤቱ ሲሞት ማይሉም አብሮ ይሞታል። አይወረስም። ለመንኳት። አለቃዋ መጣ፤ እሱንም ለመንኩት። እግሩ ላይ ልወድቅ ስል ጥበቃው አነሳኝ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ሆንኩ። ዝም ብዬ ቤቴ ብቀመጥ ቢያንስ ማይሉ ይኖር ነበር፤ ሌላ ዘዴ እንፈልግ ነበር። በገዛ እጄ ወስጄ አስረከብኩት። አንቺ ገበያ አዳራሽ ውስጥ ቆመሽ የለመንሽውን።

ርገሚኝ ብትፈልጊ ርገሚኝ። ግን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 30

ጋሼ፣

ሳልጽፍልህ የቆየሁት ተኝቼ ነው። ታምሜ አይደለም፤ ተኝቼ።

የላክሃቸውን አራቱንም ደብዳቤዎች አንብቤያለሁ። «ደህና ነሽ ወይ?» ላልከው፣ ደህና አይደለሁም። የተቃጠለው ሸሚዝ ከደሞዜ ተቆርጧል። ረጅሟ የሶፋውንና የማቀዝቀዣውን ሳትከፍለኝ ሥራ ለቃ ሄዳለች፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሰው ሰው ነው ብለህ ነበር፤ እውነትህን ነው። ባንኩ ወለዱን ጀምሯል። ካፖርቱን ልመልስ ብዬ ወሰድኩት፤ ጊዜው አልፏል አሉኝ። ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሰው የቆመ ይመስለኛል፤ ግን ላነሳው አልቻልኩም።

ዘንድሮ አልመጣም። ለሚመጣው ዓመትም አታስብ። ይህን ዕዳ ሳልጨርስ ከዚህ ንቅንቅ የለም። መቃብሯን ፎቶ አንስተህ እንዳትልክልኝ።

ተቀይሜሃለሁ፤ አልዋሽህም። ማይሉን ስላጠፋህ አይደለም። እኔም በአንተ ቦታ ብሆን እንደዛው ነበር የማደርገው፤ እኔ ነኝ በእሷ ስም ያደረግኩት። የተቀየምኩህ በሌላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ የሞተች እናቴን አናገርከኝ። ካልሲ ደርቢ አለች ስትለኝ ካልሲ ደረብኩ፤ ገባህ? ብርድ ሳይኖር ደረብኩ፣ እሷ ስላለች። ብቻሽን ነይ አለች ስትለኝ ከሐኪሙ ጋር የነበረኝን ነገር ተውኩት። አሁን ደብዳቤዎቹን ዘርግቼ አነባለሁ፤ የትኛው የእሷ አፍ፣ የትኛው የአንተ አፍ እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ተቀላቀለብኝ። የማለቅስላትን አጣሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ለይልኝ። የእሷ የሆነውን የእሷ ነው በል፤ የአንተ የሆነውን የእኔ ነው በል። ልታጽናናኝ ብለህ አንዲት ፊደል እንዳትጨምር። መጨረሻ ላይ ስለ እኔ ምን አለች? እሱን ጻፍልኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠይቅህም።

እህትህ


ሚያዝያ 6

ለእህቴ፣

እንዳልሽው አደርጋለሁ።

ጥቅምት ላይ የጻፍኩልሽ ሁሉ የእሷ ነው። ስለ መንገዱ ያለችውም፣ ተኳሽ ናት ያለችውም፣ ሳቋም። ከታኅሣሥ ወዲህ ያለው ሁሉ የእኔ ነው። ካልሲውም የእኔ ነው። ሞቃት ነው ያለችውም፣ ደስ ብሏታል ያልኩሽም የእኔ ነው። «ብቻሽን ነይ» የእኔ ነው። «ሳትውዪ ሳታድሪ ነይ» የእኔ ነው።

አሁን ያልጻፍኩልሽ አንድ የእሷ ቃል አለ። ላጽናናሽ ብዬ የጨመርኩት አይደለም፤ ስትሰሚው ታውቂያለሽ።

ሰው እየለመንሽ በካርድሽ እንደምትከፍዪ የጻፍሽልኝን ደብዳቤ ሻል እስኪላት ጠብቄ ኅዳር አሥራ ዘጠኝ አነበብኩላት። ሽማግሌው ሰውዬ ዳቦ ልግዛልሽ ያለሽ ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፤ አቁም ማለቷ ነው። ብዙ ጊዜ ወሰደባት፤ ድምፁ እንቢ ብሏት ጆሮዬን አፏ ላይ ለጠፍኩት። «አትምጣ በላት» አለችኝ። «ልጄ ለእኔ ብላ ሰው ፊት አትቁም። እኔ ጠግቤያታለሁ፤ አሳድጌያታለሁ፣ አይቻታለሁ። ያንን ነገር ትተወውና ለእግሯ የሚመች ጫማ ትግዛበት። ዛሬውኑ ጻፍላት።» ማልልኝ አለችኝ፤ ማልኩላት። ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ የተናገረችው የለም። ሁለት ቀን ቆይታ ነው ያረፈችው።

አልጻፍኩልሽም። በዚያው ሌሊትም፣ በማግሥቱም፣ ከተቀበረች በኋላም። እንዳትደነግጪ ብዬ ነው፣ ከሰው መካከል እንድትሰሚው ብዬ ነው ያልኩሽ ውሸት አይደለም፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። የልቤን ልንገርሽ። ብጽፍልሽ እንደምትተዪው አውቅ ነበር፤ እሷ ያለችውን መች እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ? ካርዱን ትጥዪ ነበር፤ ዕዳውም አይኖርብሽም ነበር፤ ረጅሟም ገንዘብሽን አትበላብሽም ነበር። እኔ ግን እሷን ቀብሬ ወደ ቤት ገባሁ። በሩን ራሴ በቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። ሻይ አፍልቼ ሁለት ብርጭቆ አወጣሁ፤ አንዱን መለስኩት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ስንት ቀረው ብዬ ጻፍኩልሽ።

ነይ ነይ ሲልሽ የከረመው እኔ ነኝ። የምታያት እናት እንደሌለች እያወቅሁ ነው የጠራሁሽ። እሷ ፈትታሽ ነበር፤ ያሰርኩሽ እኔ ነኝ።

ይኸው ዛሬ መሐላዬን ላድርስ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። «አትምጪ» ብዬ ልጨርስ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ይዤ ተቀምጫለሁ፤ አልቻልኩም።

ወንድምሽ